ከአሥራቱ በፊት ሚዛኑ

 

አጥቢያችሁ ይህን የንግድ ሥራ ሥልጠና አዘጋጅታ ስታስመርቃችሁ፣ ክርስቲያን ነጋዴ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምን እንደሚማር እንድነግራችሁ ጠይቃኛለች። ርእሱ ሰፊ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በቡና ንግድ ነው። እናንተም ብዙዎቻችሁ ከዚህ ወጥታችሁ የምትሰማሩት እዚሁ ጅማ ደዶ ወረዳ ውስጥ እሸት ቡና ለመግዛት፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ጀንፈል ለመሰብሰብ ወይም ሸቂ ላይ ሱቅ ለመክፈት ነው። ስለዚህ ሁላችንም በየቀኑ ስለምንነካው አንድ ዕቃ ልናገር፤ ስለ ሚዛን።

መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ገበያ በገባ ቁጥር ሚዛን ላይ ይቆማል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ልኩ የተስተካከለ ሚዛን እንዲኖረን ያዛል። ዘዳግም 25 አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል የሆነ ሁለት የሚዛን ድንጋይ በከረጢት መያዝን ይከለክላል። ምሳሌ 11 የሚጀምረው በዚሁ ነው። ነቢዩ አሞጽ ደግሞ በምዕራፍ 8 ሰንበት እስኪያልፍላቸው የሚቸኩሉ ነጋዴዎችን ይወቅሳል። በአምልኮ ተቀምጠው ልባቸው እህል መሸጫው ዘንድ ነበር፤ መስፈሪያውን ያሳንሱ፣ ገለባውን ከስንዴው ጋር ይሸጡ ነበር። የዛሬው ነጋዴ አረንጓዴውን ፍሬ ከቀዩ ሥር ሲደብቅ ወይም ኪሎ እንዲጨምርለት ቡናውን በውሃ ሲያርስ አሞጽ ያየውን ነው የሚሠራው።

ጥቅምት ሲገባ እዚህ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ገበሬው ሲለቅም ውሎ ምሽት ላይ ማዳበሪያውን በአህያ ጭኖ ወይም ተሸክሞ መንገድ ዳር ወደሚጠብቀው ገዢ ይመጣል። ቀይ እሸት አያድርም፤ ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ማጠቢያ ጣቢያው አይቀበለውም። ገበሬው ይዞት ሊመለስ እንደማይችል ገዢው ያውቃል። ማዳበሪያው ሚዛኑ ላይ የሚንጠለጠለው ከመሸ ነው። ከመንጠልጠሉ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ እንደነበር ያየ ሰው የለም። ከዚያ «ለማዳበሪያው» ተብሎ አንድ ኪሎ ይቀነሳል፤ ባዶ ማዳበሪያ ግን አንድ ኪሎ አይመዝንም፣ ግማሽም አይሞላም። ከሙሉ ቁጥሩ የተረፈው ግማሽ ኪሎም አይቆጠርም። ማንም ማንንም አልሰደበም፣ ማንም አልተጣላም፤ ገበሬው ብሩን ቆጥሮ አመስግኖ ይሄዳል።

እስኪ ሂሳቡን እንሥራው። በአንድ ምሽት ከ60 ገበሬ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢቀር 30 ኪሎ እሸት ነው። ከስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣል። ገዢው በየምሽቱ ያልከፈለበትን አምስት ኪሎ ቡና ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። የለቀማው ወራት እስኪያልቅ ይህን በየቀኑ ደምሩት።

ይህ ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ አሥራት ያወጣ ይሆናል። ለጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለመዘምራን ልብስ ቀድሞ እጁን የሚዘረጋውም እሱ ሊሆን ይችላል። እኛም እናጨበጭብለታለን። እግዚአብሔር ግን በአሞጽ 5 ፍትሕ ከሌለበት ሕዝብ መሥዋዕት እንደማይቀበል፣ መዝሙሩንም እንደማይሰማ ተናግሯል። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ሲገባ የተናገረው ስለ ገንዘብ ነው፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ ለበደላቸውም አራት እጥፍ። ማን ምን ያህል እንደተወሰደበት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከሚዛን ላይ የተወሰደውን ከዐሥር አንድ በማውጣት የሚያጸዳ ሥርዓት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አላገኘሁም። መጀመሪያ ሚዛኑ ይስተካከል፤ ከዚያ አሥራቱ ይምጣ።

ንግድ በዚህ አገር የቆየ ሥራ ነው። የዛሬዋ ጅማ ባደገችበት በሂርማታ ገበያ፣ በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከሩቅ አገር የመጡ የሲራራ ነጋዴዎች ከዚህ አገር ሰው ጋር ይገበያዩ ነበር። ገበያው የጅማ ኩራት ነበር። ነገር ግን በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። በጊዜው ልማድ የተፈቀደ፣ ብዙዎችን ያከበረ ንግድ ነበር፤ በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው ገና በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» የሚለው ቃል ለክርስቲያን ነጋዴ በቂ መልስ አይሆንም።

እዚህ ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡት በኦሮምኛ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ፣ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ተሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖ ከእኛ እዚህ ጎረቤት ከሆነው ከሊሙ በባርነት ወጥታ፣ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ ነው የዳነችው። ስለ እውነተኛ ሚዛን የሚናገሩትን ቃላት ለኦሮምኛ አንባቢ ያደረሱት ራሳቸው በገበያ ዋጋ የተቆረጠላቸው ሰዎች ናቸው። እነዚያን ምዕራፎች ስታነቡ ይህን አስቡ።

የዛሬው ለቃሚ ነጻ ሰው ነው። ነገር ግን ላቡን በእጃችሁ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። ከሩቅ ቀበሌ ይመጣል፣ በኪሎ ይለቅማል፣ ማታ «ሂሳቡን ነገ» ይባላል። ነገ ቅዳሜ ይሆናል፤ ቅዳሜ ወር መጨረሻ ይሆናል። እስከዚያ ሳሙናውንና በቆሎውን ከአሠሪው ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ የዱቤው ደብተር የተጻፈው በአሠሪው እጅ ነው። ሲሄድ ተቀናንሶ የሚደርሰውን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ዓይኑን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ዘዳግም 24 የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል ይላል፤ ምክንያቱንም ይሰጣል፤ ድሃ ነውና ተስፋው በዚያ ላይ ነው። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የተያዘው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። ሠራተኛ የምትቀጥሩ ሁሉ ዱቤውን ሠራተኛው ራሱ በሚይዘው ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ የዕለቱንም በዕለቱ ክፈሉ። ለዕለቱ የሚከፈል ገንዘብ ከሌላችሁ ያን ቀን ሰው አትቅጠሩ።

በክረምት፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ዛፍ ላይ ያለ ቡና በርካሽ ስለሚገዛው ሰው ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ዘጸአት 22 ለድሃ ያበደረ አራጣ አይጫንበት ይላል። ጎረቤት በቸገረው ጊዜ ማበደር መልካም ነው፤ የምትከፍሉት ዋጋ ግን የጥቅምቱ ይሁን እንጂ የነሐሴው አይሁን።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ሐቀኛ ሚዛን የያዘ ሰው መጀመሪያ ገበያ ሊያጣ ይችላል። ኪሎ የሚሰርቀው ገዢ በኪሎ ሁለት ብር ጨምሮ መጥራት ይችላልና፤ የጨመረውን ከሚዛኑ ይመልሰዋል። ገበሬው ዋጋውን ሰምቶ ወደ እሱ ይሄዳል። ስለዚህ «ጌታን የሚያከብር ነጋዴ ወዲያው ይበለጽጋል» የሚለውን ስብከት ተመራቂዎች አትቀበሉ። ኢዮብ ቅን ሰው ሆኖ ሳለ ከብቱን ሁሉ አጥቷል። በቅንነት የምንነግደው እግዚአብሔር ስላዘዘ ነው፤ ትርፉ ቢቀርም ትእዛዙ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ገበሬው እንዲያይ ማድረግ በእጃችን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በልኩ የተሞላ 20 ሊትር ውሃ ከሚዛናችሁ አጠገብ ይቀመጥ፤ የፈለገ ሰው የጀሪካኑን ክብደት ቀንሶ ሚዛኑን ይፈትነው። መብራት ይኑር። መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን ገበሬው ሲያይ ብቻ ይጫን። የማዳበሪያው ክብደት አንድ ጊዜ ተመዝኖ ይለጠፍ። ይህን የሚያደርጉ ሦስት አራት ገዢዎች በአንድ ወረዳ ካሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ገበሬው ሌላውንም ገዢ «ውሃህ የታለ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ሱቅ ለምትከፍቱት ደግሞ አንድ የሩቅ አገር ነገር ልንገራችሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች በገበያ መከራከርን ትተው ለሁሉም አንድ ዋጋ ቆረጡ። ሰው ሕፃን ልጁን ልኮ ቢያስገዛ እንኳ እንደማይታለል አወቀ፤ ገበያቸውም ሰፋ። አያት የላከችው ልጅ ሱቃችሁ ሲመጣ ከአባቱ አስበልጣችሁ አታስከፍሉት።

ጥራትም የእውነት ጉዳይ ነው። የጅማ ቡና ለብዙ ዓመት መሬት ላይ እየተሰጣ፣ የአፈር ሽታ ይዞ፣ በዝቅተኛ ደረጃ ሲሸጥ ኖሯል። አጋሮ አካባቢ ጎማ ወረዳ ያሉ የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ተደራጅተው ቀይ ቀዩን ብቻ እየለቀሙ ማጠብ ጀመሩ፤ አልጋ ላይ አደረቁ፣ በእጅ አበጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቡናቸው በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ይህ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አይደለም፤ የገበሬዎች ማኅበር ነው። ክርስቲያን ነን የምንል ከዚያ ያነሰ ሥራ ሠርተን «ጌታ ይባርከው» ብንል ግን ነውር ነው።

በደዶ የምትነግዱት ከሙስሊም ወንድሞቻችሁ ጋር ነው። በሚዛን ጉዳይ ከእነሱ ጋር የሚያጣላን ትምህርት የለም፤ የቁርኣን 83ኛው ሱራ የተጠራው ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ነው። ሼሁም ፓስተሩም በአንድ ድምፅ የሚናገሩበት ነገር ነውና ወረዳው ላይ አብራችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ተመራቂዎች፤ እሸት መቅላት ሳይጀምር ሚዛናችሁን ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወስዳችሁ አስመርምሩ። ካለፈው ዓመት ያልተከፈለ የለቃሚ ሂሳብ ያለበት ካለ ሳይውል ሳያድር ይክፈል። ወላጆችም ልጆቻችሁ ስንት እንዳተረፉ ከመጠየቃችሁ በፊት እንዴት እንዳገኙት ጠይቋቸው።