የገደል ማሚቶና ጠባቡ አዳራሽ



በግላስጎ ያደገው ዘፋኝና የዜማ ደራሲ ጆን ማርቲን (1948–2009 እ.ኤ.አ.) በለንደን ሶሆ ሰፈር፣ «ካዝንስ» በሚባል ጠባብ ምድር ቤት ባህላዊ ዘፈንን በጊታር ይጫወት ነበር። በ1970ዎቹ ኤኮፕሌክስ የተባለ መሣሪያ ከጊታሩ ጋር አገናኘ። መሣሪያው ድምፁን በቴፕ ክር ቀድቶ ጥቂት ቆይቶ ይመልሰዋል፤ እርሱም በተመለሰው ላይ አዲስ ምት እየጨመረ፣ ብቻውን ሳለ የሙዚቃ ጓድ ይመስል ነበር።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግድግዳው 5 ሜትር ሲርቅ፣ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ በ0.03 ሰከንድ ስለሚደርስ ጆሮ ከመጀመሪያው አይለየውም። በጠባብ ቤት ተለይቶ የሚሰማው ማሚቶ የሙዚቀኛው ብቻ ነው። ግድግዳው 34 ሜትር ሲርቅ ግን አዳራሹ ራሱ ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ይመልሳል፤ ያልተጠራ ተጫዋች ሆኖም ምቱን ያዛባል።

እንግዲህ አዳራሽ ስንነድፍ የወንበር ብዛት ብቻ አንቁጠር። አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው የገዛ እጁን ሥራ ለይቶ የሚሰማበት ቤት ያስፈልገዋል። ጠባቡን እያፈረስን ሰፊውን ብቻ ብንሠራ፣ የምናጣው የሙከራን ቦታ ነው።