ስም ዝርዝሩ ከመነበቡ በፊት

የተከበራችሁ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኞች፣ ከየክልሉና ከከተማ አስተዳደሮች የእግር ኳስ ፌዴሬሽኖች የመጣችሁ የቴክኒክ ባለሙያዎች፣ የክለብ አሰልጣኞች፣ የቡድን ሐኪሞችና ወጌሻዎች፣ የቡድን መሪዎች፣ የስፖርት ጋዜጠኞች፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የቀድሞ ተጫዋቾቻችን፤ በብሔራዊ ቡድን የተጫዋቾች ምርጫ ላይ ወደተዘጋጀው ስልጠና እንኳን በደህና መጣችሁ። 

የብሔራዊ ቡድን ጥሪ በተሰማ ቁጥር ከሻይ ቤት እስከ ሬዲዮ ጣቢያ ክርክር ይነሳል። «እገሌ እንዴት ይቀራል? እገሌስ በምን ሂሳብ ተጠራ?» ይባላል። ቡድኑ የሕዝብ መሆኑን የሚያሳይ ክርክር ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ ማንም እንዲያስቆመው አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥያቄው ወደ እኛ ወደ ባለሙያዎቹ ሲዞር የምንመልሰው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። ማንን የት እንዳየን፣ ስንት ጊዜ እንዳየን፣ ከማን ጋር እንዳመዛዘንን የሚያሳይ ጽሑፍ ከእጃችን አይገኝም። አሰልጣኝ ሲለወጥ ደግሞ ያወቀውን ሁሉ በልቡ ይዞ ይሄዳል፤ የሚተካው ሰው ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ከዚህ ስልጠና ይዘን እንድንወጣ የምመኘው ልምድ አንድ ነው፦ የተጫዋቹ ስም ከመነበቡ በፊት የተመረጠበት ምክንያት ይጻፍ፤ ለጥቂት የቀረውም ተጫዋች የቀረበት ምክንያት ይጻፍ።

የምርጫ ሥራችን ምን ያህል እንደተለወጠ ለማየት ወደ ኋላ ልመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ቡድን በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሚመራ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ የሆነ፣ ከዚያም ጉልበቱ ሳይከዳው የጨረሰ ቡድን ነው። ግቦቹን ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ እንዲሁም መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ የአስመራ ልጅ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ ነበሩ። መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። ከአስመራም ከአዲስ አበባም የተገኘው በአንድ መለያ ሥር ተሰልፎ ታየ። ይህን የምናገረው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በዚያ ውድድር የተሳተፉት 4 አገሮች ብቻ ስለነበሩ እኛ የተጫወትነው ሁለት ጨዋታ ነው፤ ቱኒዚያን በግማሽ ፍጻሜው 4 ለ 2፣ ከዚያም ግብፅን። ጥሩ 11 ሰው ያለው አሰልጣኝ ዋንጫ ሊያነሳ ይችል ነበር። የዛሬው አሰልጣኝ በጥቂት ቀናት ልዩነት ቢያንስ ሦስት የምድብ ጨዋታ ይጠብቀዋል፤ በአንድ ጨዋታ እስከ 5 ተጫዋች ይቀይራል። በዓለም ዋንጫ ለረጅም ጊዜ 23 የነበረው ስብስብ ኳታር ላይ 26 ደርሷል። ሥራችን 11 ምርጥ ሰው ከመፈለግ አልፎ ለሚመጣው ችግር ሁሉ መልስ የሚሆን ስብስብ ወደ መገንባት ተሸጋግሯል፤ የምርጫ ዘዴያችን ግን አብሮ አልተሸጋገረም።

ለዚህ ከደቡብ አፍሪካው የ2005 ዓ.ም. ውድድር የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነው። ኻርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦች አለፈ። የመጀመሪያው ጨዋታ ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። ቀኑም ጥር 13፣ ዋንጫውን ያነሳንበት ዕለት 51ኛ ዓመት። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ተተክቶ ገባ። ቡድኑ በ10 ሰው ተጫውቶ፣ ተመርቶ፣ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳውም። በሁለተኛው ጨዋታ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። በሦስተኛው፣ ከናይጄሪያ ጋር፣ ሲሳይ ባንጫ ግቡን ይጠብቅ ነበር፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እሱም በቀይ ካርድ ወጣ። ቅያሪው አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ፍጹም ቅጣት ምት ሊጠብቅ ቆመ።

እስቲ ቆጥሩት። በሦስት ጨዋታ ሦስቱም ግብ ጠባቂዎች ተሰልፈው አራተኛው አማካይ ሆነ። በእኛ አገርም በሌላውም ሦስተኛ ግብ ጠባቂ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው፤ «እሱ አይገባም» ተብሎ ለዕድሜው፣ ለጠባዩ ወይም ለውለታው ሲባል ቦታ ይሰጠዋል። የ2005ቱ ታሪክ ግን ሦስተኛው ግብ ጠባቂ የመጀመሪያው ያህል መታየት እንዳለበት ይነግረናል። ድንገት ቢጠራ ከተከላካዮቹ ጋር ይግባባል? ቀዝቅዞ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ኳስ መያዝ ይችላል? የክለቡ ሁለተኛ ግብ ጠባቂ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት የመጣ ከሆነ ይህን በምን አወቅን? ችግር ቢመጣ ከሜዳ ተጫዋቾች መካከል ጓንት ማን እንደሚያጠልቅም በካምፕ ውስጥ ቀድሞ ይታወቅ፤ ልምምድም ይሰጠው። በዚያ ምድብ ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች፣ ቡርኪና ፋሶም ለፍጻሜ ቀረበች። ከሁለቱ የፍጻሜ ቡድኖች ጋር ተመድበን ነበርና ልጆቻችን የሚያሳፍር ነገር አልሠሩም። እኛ ግን ከነሱ የተማርነውን አልጻፍነውም።

በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከኬፕ ቨርዴ ጋር በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታችንም ተከላካያችን በ12ኛው ደቂቃ ገደማ በቀይ ካርድ ወጣ። ሁለትና ሦስት ቦታ የሚሸፍን ሰው በስብስቡ ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ቡድን መሪዎች ልዙር። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ረታን፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ደስታው ሳይበርድ የፊፋ ምርመራ ተሰማ። በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ ያ ጨዋታ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ። ልጆቹ በመጨረሻው ጨዋታ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በመሪነት ባይጨርሱ ኖሮ ከናይጄሪያ ጋር የተደረገው የመጨረሻ ደርሶ መልስ ማጣሪያ ባልታሰበም ነበር። ተጫዋቹን አልወቅስም፤ እሱ የታዘዘውን ሠራ። ካርድ የሚቆጥር መዝገብና መዝገቡን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ሰው መኖር ነበረበት። በዚህ ስልጠና የቡድን መሪዎች የምትሠሩት የካርድና የቅጣት መዝገብ እንደ አሰላለፉ የምርጫው አካል ነው። ያልተፈቀደለትን ተጫዋች መምረጥ ካለመምረጥ የከፋ ነው።

ስለ ማየት ጥቂት ልበል፤ ፍትሕ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በተራ ወደ አንዳንድ ከተሞች እየተሰባሰቡ ይጫወታሉ፤ ጨዋታውም በቴሌቪዥን ይታያል። ለመራጭ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በአንድ ከተማ ተቀምጦ በሳምንት ብዙ ቡድን ማየት ይቻላል። በዚያው ልክ ካሜራው ያላሳየውን የለም ብለን እንድናስብ ያደርገናል። ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ የሚጫወት የ19 ዓመት የመስመር ተከላካይ በማን ታየ? በክልል ውድድር ላይ የታየችው አጥቂ ስሟ በየትኛው ደብተር ላይ ሰፍሯል? ለሉሲዎቹ ይህ ችግር ከዋልያዎቹም ይበልጣል፤ የሴቶቹ ጨዋታ በካሜራ የሚታየው ከወንዶቹ ባነሰ ነው።

ብሔራዊ ቡድን ከየክልሉ በኮታ ይዋቀር የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ ይሰማል። አቋሜ ግልጽ ነው፤ በኮታ የተሞላ ስብስብ የተመረጠውንም ያልተመረጠውንም ያዋርዳል። ኮታ ካስፈለገ ለመራጮቹ ጉዞ ይሁን። እያንዳንዱ ክልል በዓመት ውስጥ በሚገባ የታየባቸው ጨዋታዎች ይኑሩት፤ ያየው ሰውም ሪፖርት ይጻፍ። ከጋምቤላም ከጅግጅጋም ከደብረ ብርሃንም የሚመጣ ወጣት የመታየት መብቱ ከተጠበቀ በኋላ በሚዛን ቢቀር ቅሬታው ሌላ መልክ ይይዛል።

አንድ ነገር ደግሞ ተለውጧል። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው «የሜዳችን» የሚባለውን ጨዋታ በሌሎች አገሮች ስንጫወት ቆይተናል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንግዳ ቡድን እዚህ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ያ ጥቅም ሲቀር የምንመርጠው ተጫዋችም መመርመር አለበት። በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ፣ ከረጅም በረራ በኋላ፣ ያለ ደጋፊ የሚጸና ማን ነው? ወጌሻዎች በዚህ ላይ የምታቀርቡትን ጽሑፍ በጉጉት እጠብቃለሁ።

በውጭ አገር ስለተወለዱ ልጆቻችን ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። በርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ በአርሰናል ያደገው ጌዲዮን ዘላለም ለአሜሪካ ወጣት ቡድን ተጫውቷል። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ በቼክ ሪፐብሊክ ማሊያ የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ተሰልፏል። ፊፋ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ደንቡን አላልቷል፤ ተጫዋቹ 21 ዓመት ሳይሞላው ለአንድ አገር ዋና ቡድን ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ ካደረገ፣ ሌሎቹን መስፈርቶች አሟልቶ፣ ወደ ሌላ አገር መዞር ይችላል። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም ፓስፖርትን አይተካም። ሕጉን የማሻሻል ሥልጣን የምክር ቤት ነው። የእኛ ድርሻ የልጁን ወረቀት ቀድሞ ማጣራት ነው። ዜግነቱን መተው የማይችልን ወጣት «አገሩን አይወድም» ማለት ግን ነውር ነው፤ ጋዜጠኞች በዚህ እንድትረዱን አደራ እላለሁ።

ሐኪሞችን በተመለከተ በአጭሩ እናገራለሁ። «ለሁለተኛው ጨዋታ ይደርሳል» የሚለው ቃል ከአሰልጣኝ ሳይሆን ከሐኪም፣ በጽሑፍ፣ ከነቀኑ ይምጣ። ክለቦችም የተጫዋቾቻቸውን የጉዳት ታሪክ ሳይደብቁ ይስጡ፤ ብሔራዊ ቡድኑም ልጁን ሲመልስ ያደረገለትን ሕክምና ጽፎ አብሮ ይላክ።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለሚቀረው ተጫዋች ነው። ካምፕ ገብቶ፣ ለቤተሰቡ ደውሎ፣ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ መቀነሱን በሬዲዮ ወይም በስልክ ስክሪን ላይ የሚሰማ ልጅ አለ። ይህን ማቆም ገንዘብ አይጠይቅም። አሰልጣኙ ራሱ ይጥራው፤ አስቀምጦ ምክንያቱን ይንገረው፤ ምን ቢያሻሽል እንደሚጠራ ይግለጽለት፤ ለክለቡ አሰልጣኝም ያንኑ ይላክ። ምክንያቱ ቀድሞ ከተጻፈ ይህ ንግግር ከባድ አይሆንም። አሰልጣኙ ልጁን ፊት ለፊት አይቶ ሊናገረው የማይችለው ምክንያት ካለ፣ ያ ምክንያት መጀመሪያውኑ በወረቀቱ ላይ መስፈር አልነበረበትም። ከፌዴሬሽን ኃላፊ፣ ከክለብ ፕሬዚዳንት፣ ከወኪል የሚመጣ የስልክ ግፊትም በዚሁ ይለያል፤ «ስሙን አስገባው» የሚል ሁሉ ስሙን አስፍሮ ምክንያቱን እንዲፈርም ይጠየቅ።

በቡድን ተከፋፍላችሁ የምትሠሩት ሥራ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ግብ ጠባቂ ያለበት የ26 ተጫዋቾች ዝርዝር ያዘጋጃል። በየስሙ ትይዩ የታየባቸው ጨዋታዎች፣ የሚሸፍነው ቦታ፣ የካርድና የጤና ሁኔታው ይሰፍራል። ከዝርዝሩ በታች 27ኛው ተጫዋች ማን እንደሆነና ለምን እንደቀረ ይጻፋል። ከዚያ ከእናንተ አንዱ አሰልጣኝ፣ አንዱ ያ 27ኛ ተጫዋች ሆናችሁ ውሳኔውን ለመንገር ትቀመጣላችሁ። ጋዜጠኞች ትጠይቃላችሁ፤ አንጋፋ ተጫዋቾቻችን ትዳኛላችሁ።

ስልጠናው መከፈቱን በደስታ እገልጻለሁ።