የምርጫ ክልል ወሰንና የገጠሩ ሕዝብ ድርሻ

ዛሬ ላወያያችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት ደረቅ የሚመስል፣ ነገር ግን እስከ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጓዳ የሚዘልቅ ነው። ይኸውም የምርጫ ክልል ወሰን በማን፣ በምን መስፈሪያና በየስንት ዘመኑ ይሰመራል የሚለው ጥያቄ ነው። ምርጫ በተነሣ ቍጥር የምንሰማው ስለ ተወዳዳሪዎች ንግግር፣ ስለ ድምፅ መስጫው ሣጥንና ስለ ውጤቱ ነው። ሣጥኑ ከመቀመጡ አስቀድሞ በካርታ ላይ የተሰመረችው መስመር ግን የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ክብደት ወስና ታድራለች፤ ስለ እርሷ ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩን በድሬዳዋ እንመልከተው። ከተማይቱ የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ስለ ሆነች፣ ስሟ ሲጠራ በብዙዎች አሳብ የሚመጣው ከዚራና መጋላ፣ የባቡር ጣቢያውና ገበያው ነው። አስተዳደሯ ግን ከዚህ እጅግ ይሰፋል። በቢዮ አዋሌ፣ በዋሂል፣ በጀልዴሳና በሌሎችም የገጠር ቀበሌዎች ማሽላ የሚዘራ፣ ጫት የሚተክል፣ ፍየልና ግመል የሚያረባ ሕዝብ አለ። ጀልዴሳማ ድሬዳዋ ገና ሳትታሰብ በዘይላና በሐረር መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያሳርፍባት ስፍራ ነበረች። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በአስተዳደሩ ከተገኙት 341,834 ሰዎች 233,224ቱ ከተሜዎች፣ 108,610ሩ ገጠሬዎች ነበሩ። ከሦስት ሰው አንዱ ያህል የገጠር ሰው ነው ማለት ነው።

የከተማይቱ ቻርተር በ1996 ዓ.ም. ሲታወጅ ይህ ሕዝብ ሁሉ በአንድ የከተማ ምክር ቤት ሥር ሆነ። ገበሬው ከዚህ ምክር ቤት ሌላ አቤት የሚልበት የክልል ምክር ቤት የለውም። ስሙ የከተማ ቢሆንም ስለ እርሻው፣ ስለ ግጦሹና ስለ ምንጩ የሚመከረው በዚያው ነው።

ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስንሄድ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአገሪቱ የምርጫ ክልሎች 547 ሲሆኑ ከእነዚህ ለድሬዳዋ የደረሷት 2 ናቸው። በ1999ኙ ቈጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 73,750,932 ስለ ነበረ ለአንድ ወንበር በአማካይ የሚደርሰው 134,800 ሰው ያህል ነው። በድሬዳዋ ግን አንዱ ወንበር 170,917 ሰው ይሸከማል። በዚያው ቈጠራ 183,415 ሰው የነበራት የሐረሪ ክልልም ያላት ወንበር 2 ነው፤ ለአንዱ ወንበር 91,700 ያህል ሰው ደረሰ ማለት ነው። በቤንሻንጉል ጉሙዝ 87,000 ያህል ሰው አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ በሶማሌ ክልል ለአንድ ተወካይ 193,000 ሰው ያህል ይቈጠራል። እርግጥ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ቍጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ ወንበር እንዲጠበቅላቸው ስለሚያዝ ልዩነቱ ሁሉ በደል ነው አይባልም። ሆኖም ከብት አርቢው የሚበዛበት የሶማሌና የአፋር ምድር ከአማካዩ በላይ መሸከሙን አይቶ ዝም ማለት አይገባም።

እንግዲህ ሁለቱን የድሬዳዋ ወንበሮች በካርታ ላይ የምንከፍል እኛ ነን እንበል። ይህ ለምሳሌ ያህል የማቀርበው ስሌት እንጂ የተሰመረው መስመር እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ከተማውን ለብቻ፣ ገጠሩን ለብቻ ብናደርግ አንዱ ክልል 233,224፣ ሌላው 108,610 ሰው ይኖረዋል። ገበሬው የራሱን እንደራሴ በእርግጥ ያገኛል፤ ነገር ግን የአንዱ ገጠሬ ድምፅ የሁለት ከተሜ ድምፅ ይመዝናልና ከተሜው ተበደልሁ ቢል ማን ይመልስለታል? ሁለተኛው መንገድ እኩል እኩል ማካፈል ነው። እዚህ ላይ አስተውሉ። መስመሩ ገጠሩን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ ቢያልፍ በእያንዳንዱ ክልል 54,305 ገጠሬ ይገባል፤ ይህም ከመቶ 32 እጅ ነው። ቍጥሩ በሁለቱም ክልል ፍጹም እኩል ሆኖ ሳለ የገጠሩ ሕዝብ በሁለቱም ዘንድ አናሳ ይሆናል፤ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ዘመቻቸውን በከዚራና በመጋላ ጨርሰው ቢመለሱ አይጎዳቸውም። ሦስተኛው መንገድ ገጠሩን ሁሉ በአንድ አቆይቶ ከከተማው ዳር 62,307 ሰው መጨመር ነው። ያን ጊዜም ሁለቱ ክልሎች እኩል ናቸው፤ በአንደኛው ግን ገጠሬው ከመቶ 63 እጅ በላይ ይሆናል። ሕዝቡ ያው፣ ቈጠራው ያው፣ ወንበሩም ያው ነው። የተለወጠው መስመሩ ብቻ ነው።

ይህ የገጠሩ ሰው ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ደቻቱን ያስታውስ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፎአል። ያ ውኃ የመጣው ዛፉ ከተመነጠረው፣ አፈሩ ከታጠበው የላይኛው ተዳፋት ነው። እርከን ይሠራ፣ ችግኝ ይተከል፣ ለዚህም በጀት ይመደብ ብሎ በምክር ቤት የሚከራከር የተራራው ሰው ቢኖር የታችኛው ከተማ ተጠቃሚ እንደሚሆን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም።

አሁን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ፣ ሴቶችም ጭምር፣ እንደራሴውን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ ከዚያ በኋላ ተደረገ። ያ ሕገ መንግሥት አገሩ ሁሉ በተቻለ መጠን 200,000 ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ክልሎች እንዲከፈል፣ እያንዳንዱም ክልል 2 እንደራሴ እንዲልክ ያዝዝ ነበር። ለከተማ ግን የተለየ ወግ ነበረው። ሕዝቡ ከ30,000 የበለጠ ከተማ 1 እንደራሴ፣ ከዚያ በላይም ለየ50,000ው ሌላ አንድ ይጨመርለት ነበር። በገጠር 100,000 ሰው የሚያገኘውን አንድ ወንበር በከተማ 30,000 ሰው ያገኘዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ለመመረጥ በምርጫ ክልሉ ንብረት ማፍራት ስለሚያስፈልግ በሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ለመመረጥ የሚበቃበት መንገድ የጠበበ ነበር። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቈጠራ የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነውና ያ ሁሉ ክፍፍል በግምት የተሠራ ነበር።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በበኩሉ መልካም ሥርዓት ደንግጓል። በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቈጠራ እንዲደረግ፣ በውጤቱም መሠረት ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን አዟል። ችግሩ ከአፈጻጸሙ ላይ ነው። ከ1999ኙ ቀጥሎ በ2010 ዓ.ም. ይደረጋል የተባለው ቈጠራ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንደገና ተራዘመ። የሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫም በነበረው የክልሎች ክፍፍል ተካሄደ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደው ሕፃን ድምፅ ለመስጠት የሚደርስበት ዕድሜ እስኪሞላው ድረስ መስመሩ ሲጠብቀው ኖረ ማለት ነው።

መስመር ሲያረጅ የሚጎዳው ሁልጊዜ ገጠሬው ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1901 ጀምሮ ስድሳ ዓመት ያህል ክልሎቹን ሳያድስ በመኖሩ የተጎዱት ያደጉት ከተሞች ነበሩ፤ ነገሩም እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1962 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አቤቱታ መስማት እንደሚችሉ ተወሰነ። በእንግሊዝም እስከ 1832 ድረስ ነዋሪ አልባ ለመሆን የቀረበው ኦልድ ሳረም 2 እንደራሴ ሲልክ፣ በፋብሪካ የተጨናነቀው ማንችስተር የራሱ አንድም አልነበረውም። በእኛም አገር ሰው ወደ ከተማ መጉረፉ ስለ በዛ አዲስ ቈጠራ ሲደረግ ከገጠሩ ይልቅ የከተማው ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ከሆነም እውነቱ ይቀበሉታል እንጂ አይፈሩትም።

አንዳንዶች ደግሞ በድሬዳዋ ዋናው ጉዳይ የብሔር ድርሻ ነው ይላሉ። በፓርቲዎች መካከል የተደረገው፣ ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለሌሎች 20 እጅ የሚለው የሥልጣን ክፍፍል ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር መኖሩ የታወቀ ነው። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ መንገድ ብቻ የተከፈለ ወንበር የከተማውን ሰው ከገበሬው አይለይም። የአንድ ብሔር ተወላጅ የሆነ የከተማ ነጋዴ፣ ዝናብ ሲቀር ከብቱን ይዞ ውኃ ፍለጋ የሚሰደደውን ወገኑን ችግር በሙሉ ያውቃል ማለት አይቻልምና።

ቈጠራው በሚደረግበት ጊዜ ቈጣሪው በበጋ ከብት ይዞ የሄደውን ቤተ ሰብ አጥቶ ባዶ ቤት ብሎ እንዳያልፍ የቀበሌ ሽማግሌዎች አስቀድመው ስማቸውን ይዘው ይጠብቁት። የክልሉ ረቂቅ ካርታም በቦርዱ ተዘጋጅቶ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ከመላኩ በፊት በየገበያው ቀን፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ተተርጕሞ ለሕዝብ ቢነበብ መልካም ነው። በቍጥር ረገድ ጥቂት ብልጫና ጉድለት ቢኖር ይቻላል፤ አንድ የገጠር ቀበሌ ግን ለሁለት ተቈርጦ ወንድምና ወንድም በተለያየ ክልል እንዳይመርጡ፣ ድምፅ መስጫውም አሮጊት በእግሯ ደርሳ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ቤቷ ከምትመለስበት ርቀት እንዳያልፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።