ለሩቅ አገር ተማሪ የወላጅ ስንቅ

ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስንቅ ቋጥሮ ልጅን መሸኘት ለስሜን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከጃናሞራ፣ ከበየዳና ከዳባት ገጠር የሚመጡ ልጆቻችን በደባርቅና በዳባት ከተማ ቤት ተከራይተው ሲማሩ በሶውንና ሽሮውን የምናደርስላቸው እኛው ነን። የቆሎ ተማሪውም ድጓ ፍለጋ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፍለጋ ወደ ዙር አምባ ሲሄድ ወላጁ ድምፁን ሳይሰማ ለዓመታት ይቆይ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሕንድ፣ ቻይና ወይም ሃንጋሪ ለትምህርት የሚሄዱ አሉ። በሶው እዚያ አይደርስም። ታዲያ ምን እንሰንቅላቸው?

መጽሐፈ ጦቢትን እናስታውስ። ጦቢት ዓይኑ ታውሮ፣ ድህነት ገብቶበት ሳለ አንድ ልጁን ጦብያን ወደ ሜዶን አገር ሲልክ ሦስት ነገር አደረገ። መከረው፤ የገንዘቡን ሰነድ በእጁ ሰጠው፤ መንገድ የሚያውቅ ታማኝ ባልንጀራም እንዲፈልግ አዘዘው። ሦስቱም ዛሬ ያስፈልጋሉ።

ከሰነዱ እንጀምር። የልደት ምስክር ወረቀቱና የትምህርት ማስረጃው ከጉዞ በፊት ተረጋግጠው ይያዙ፤ ቅጂያቸውም ቤት ይቀመጥ። ደላላ «ትምህርት አግኝቼለታለሁ» ባለ ጊዜ፣ በሬ ከመሸጥና ከመበደር በፊት፣ ዩኒቨርሲቲው የላከውን የመቀበያ ደብዳቤ እናስነብብ፤ እውነተኛ መሆኑንም ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው እናረጋግጥ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ይህን ማድረግ የሰበካው የተማሩ ልጆች ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ባልንጀራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በብዙ የውጭ አገር ከተሞች አጥቢያ አላት። የልጁ ደብር የምስክርነት ደብዳቤ ጽፎ ቢሰጠው፣ በቅርቡ ያለውንም አጥቢያ ቢያመለክተው፣ ልጁ በማያውቀው አገር አባት ያገኛል። የንስሐ አባቱም ስለ ጾም አስቀድመው ያነጋግሩት። በተማሪ ማዕድ ቤት ምን እንደሚገጥመው፣ ሲታመምስ ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው፣ አንድ ቀን ያልተመቸው ልጅ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ሊተው ይችላል።

ሦስተኛው ምክር ነው፤ ምክርም እውነት ካልተጨመረበት አይሰነብትም። ውጭ አገር የሄደ ሁሉ ገንዘብ ያለው ይመስለናል። ለተማሪ የሚሰጠው ድጎማ ግን ለምግብና ለመኝታ ተለክቶ የሚሰጥ ነው። ለሠርግና ለተዝካር ላክ ስንለው፣ እምቢ ማለት አፍሮ ከትምህርቱ ሰዓት ቀንሶ ሥራ ይፈልጋል። ፈተና ሲወድቅም የተሸጠውን በሬ እያሰበ ይደብቀናል። ስለዚህ ከመሸኘታችን በፊት «ቢሳካልህ ደስታችን ነው፤ ባይሳካም ቤትህ ቤትህ ነው» እንበለው።

ሰዓቱንም እንወቅለት። ከእርሻ ተመልሰን ከምሽቱ 2 ሰዓት ስንደውል ቻይና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ሕንድ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል። ታኅሣሥ 29 ቀን ልደትን ስናከብር፣ ሃንጋሪ ያለው ልጅ በፈተና ወቅት ላይ ነው። በዓሉን ብቻውን የሚውል ልጅ የእናቱ ድምፅ ያጽናናዋል፤ ረጅም ወቀሳ ግን ይሰብረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ነው። በባህላችን መርዶ ንጋት ላይ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይነገራል፤ የሚደግፍ ትከሻ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው አለ። በሩቅ ያለው ልጅ ግን የአያቱን ወይም የአባቱን ሞት ከፌስቡክ ያነብባል፤ ካልሆነም ስንደብቀው ዓመታት ያልፋሉ። ፈተናው እስኪያልፍ ጥቂት ቀን መታገሥ ርኅራኄ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት መደበቅ ግን እምነት ያጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ «ሁላችንም ደኅና ነን» ስንለው አያምነንም። እኛ እውነቱን ስንሸሽገው እርሱም ሕመሙንና ውድቀቱን መሸሸግ ይማራል።

ስለዚህ ገና ሳይሄድ፣ ክፉም ሆነ በጎ ወሬ የሚነግረውን አንድ የታመነ ዘመድ እንምረጥ፤ ስልክ ቢቋረጥ ወሬውን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከዚያ ሰው እንዲጠብቅ እንስማማ። መርዶ ሲኖርም በጽሑፍ አንላክበት። እዚያ ያለው ካህን ወይም ጓደኛው አስቀድሞ ይነገረው፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያርዳው፤ አብሮትም ይደር። የምስክርነት ደብዳቤው ጥቅም የሚታየው ያን ዕለት ነው።

በመጨረሻም የሰበካ ጉባኤያት ሁለት ነገር እንድታደርጉ እናሳስባለን። በሩቅ የሚማሩ ልጆቻችሁን ስም መዝግባችሁ በጸሎት አስቡ፤ እናቶቻቸውንም ጠይቁ፤ የጦብያ እናት ሐና በየቀኑ መንገድ መንገዱን ታይ ነበርና። ሁለተኛ፣ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፤ እነርሱም ከእናታቸው የራቁ ናቸው። ልጃችን በቡዳፔስት እንዲደረግለት የምንመኘውን እኛ እዚህ በደባርቅ ለሰው ልጅ እናድርግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።