ማሽኑ ደምን ያጥባል፤ መርዙ ግን ደም ውስጥ አይቆይም



ፀረ ተባይ ጠጥተው ለሚመጡ ሕሙማን፣ ለአንድ የገጠር ሆስፒታል የደም ማጣሪያ ማሽን እንግዛ የሚል ሐሳብ ለማኅበራችን ቀርቧል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ግን ከኪሳችን ከማውጣታችን በፊት ማሽኑ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል እንነጋገር።

መንገዶቹ በአጭሩ አራት ናቸው። የኩላሊት እጥበት የምንለው ሄሞዳያሊሲስ ትንንሽና በውሃ የሚሟሙ ነገሮችን ያወጣል። ሄሞፐርፊውዥን ደሙን በከሰል ወይም በሬዚን በተሞላ ዕቃ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀ መርዝ እንኳ ይይዛል፤ ፕሌትሌትንም ግን አብሮ ይቀንሳል። ሦስተኛው ሌት ተቀን በዝግታ የሚሠራው ማጣሪያ ነው። የደም ግፊቱ ለወረደ ሕመምተኛ ይመቻል፣ በሰዓት የሚያወጣው ግን ትንሽ ነው። አራተኛው የፕላዝማ ልውውጥ ነው፤ በኦርጋኖፎስፌት መርዝ ጊዜ ከለጋሹ ፕላዝማ ጋር መርዙ ያደከመው ኢንዛይምም ይገባል።

“ታዲያ የቱ ይበልጣል?” ትሉኛላችሁ። ይሄን የሚወስነው መርዙና ሰዓቱ ነው። ፓራኳት የተባለው የአረም መድኃኒት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሄሞፐርፊውዥን ተስፋ የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት አካባቢ ነው። ብዙዎቹ ኦርጋኖፎስፌቶች ደግሞ ስብ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ደሙን አጥበን ስንጨርስ ከስቡ እንደገና ይመለሳሉ። ጠቅሟል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ አብዛኞቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ለነቀዝ በእህል መሐል የሚቀመጠው እንክብል፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ የሚለቀውን ጋዝ ማሽን አያወጣውም። እጥበቱ የሚረዳው ኩላሊት ሲደክም ወይም ደም አሲድ ሲበዛበት ነው።

አሁን ወደ ገጠሩ ሆስፒታል እንመለስ። ኦርጋኖፎስፌት የጠጣ ሰው ቶሎ የሚሞተው ሳንባው በፈሳሽ ሞልቶ፣ ትንፋሹ ሲያቅተው ነው። እዚያች ሰዓት ላይ የሚያድነው አትሮፒን ነው። ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ሳንባው እስኪጠራ በየ5 ደቂቃው እጥፍ እየተደረገ ይሰጣል። አንድ ከባድ ሕመምተኛ ብቻውን የመድኃኒት ቤቱን ክምችት ሊጨርስ ይችላል እኮ! ከዚያ ኦክስጅን፣ ከዚያ መተንፈሻ ማሽን፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ የማትለይ ነርስ። አንድ የ4 ሰዓት እጥበት ግን 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑም ይቆማል።

ስለዚህ እኔ የምለው፦ መጀመሪያ አትሮፒንና ኦክስጅን፣ ቀጥሎ መተንፈሻ ማሽንና ሥልጠና ይሁን። የደም ማጣሪያው ውሃውና ባለሙያው ላለው ሪፈራል ሆስፒታል ይሂድ፤ ከገጠር ወደዚያ የሚያደርስ አምቡላንስም ይታሰብበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሪላንካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ከገበያ አወጣች፤ ራሱን የሚያጠፋው ሰው መጠን ከግማሽ በታች ወረደ። ያን ያህል ሕይወት ያተረፈ የደም ማጣሪያ አላውቅም። ከመካከላችን በግብርናውና በሕግ ሙያ ያላችሁ፣ ይሄኛው ክፍል የእናንተ ነው።