ስለ ሙታን ስምና ስለ መቃብር መዝገብ



አባታችን አብርሃም በከነዓን ምድር እንግዳ ሆኖ ሳለ ሚስቱ ሣራ በሞተችበት ጊዜ የሚቀብርበት ስፍራ አልነበረውም። የኬጢ ልጆች በነፃ እንስጥህ ቢሉት እንቢ ብሎ የማክፌላን ዋሻ ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር በምስክሮች ፊት ገዛ። መጽሐፍም የዋጋውን ልክ፥ የሻጩን ስም፥ በእርሻው ዳርቻ የነበሩትን ዛፎች እንኳ ሳይቀር ጽፎ አቈየ። ከብዙ ዘመንም በኋላ ያዕቆብ በግብፅ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ በዚያ ዋሻ እነማን እንደ ተቀበሩ በየስማቸው ቈጠረላቸው፤ አብርሃምና ሣራ፥ ይስሐቅና ርብቃ፥ ልያም በዚያ እንዳሉ ነገራቸው። ይህ የያዕቆብ ቃል በእውነቱ የመቃብር መዝገብ ነው። ስፍራው ታወቀ፥ ባለቤቱ ታወቀ፥ በውስጡ ያረፉትም ታወቁ። እንግዲህ መዝገብ ለሕያዋን ብቻ የሚያስፈልግ የሚመስለው ሰው ቢኖር ከዚህ ይማር።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ያላት ሥርዐት የተሟላ ነው። መጽሐፈ ግንዘት ሬሳው ከሚገነዝበት ሰዓት ጀምሮ እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ የሚነበበውንና የሚጸለየውን ለይቶ ያዛል። ከዚያም ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ ዐሥራ ሁለቱ፥ ሠላሳው፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይከተላል። በዚህ ሁሉ ጸሎት ካህኑ የሚጠራው የሟቹን የክርስትና ስም ነው። ነገር ግን ያው ሰው በገበያና በመንገድ፥ በፍርድ ቤትና በባንክ የሚታወቀው በዓለም ስሙ ነው። ወለተ ማርያም ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ከመቶ ወለተ ማርያም ማንኛዋ እንደ ሆነች የሚለይ የለም፤ የዓለም ስሟም ብቻ ቢጻፍ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ካህን በመቅደስ በምን ስም ያስባታል? የነፍስ አባቷ ያውቃሉ እንዳይባል የነፍስ አባትም ያልፋሉ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ስለዚህ ነው።

የቀደሙ አባቶች የርስቱን ስጦታና የሰጪውን ስም በብራናው ኅዳግና በባዶው ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም በክብር ተጠብቆ ኖሯል። የገበሬውና የባልቴቷ መቃብር ምልክት ግን አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ጥድ ነበረ፤ ድንጋዩን ጎርፍ ሲወስደው፥ ጥዱም ሲቈረጥ፥ ስማቸው አብሮ ጠፋ።

ቦሌና በጠቅላላው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ይህን ነገር በሚገባ ያውቀዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከመዛወሩ አስቀድሞ አገሩ እርሻና መስክ ነበረ። ከቦሌ እስከ ገርጂ፥ ከየካ እስከ ኮተቤ የነበረው ክርስቲያን ገበሬ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይቀበር ነበር፤ መቃብሩንም ልጆቹና ጎረቤቶቹ ያውቁት ነበር። ከተማው በመጣ ጊዜ ጎረቤቱ ተበተነ። በዐፀዱ ውስጥ ሕንፃ ሲታነፅና ቦታ ሲጠብ ዐፅም ይፈልሳል፤ በአፈር ፈንታም በግድግዳ የተደረደረ ፉካ እየበዛ መጥቷል። የሚፈልሰው ዐፅም የማን እንደ ሆነ የሚናገር ጽሑፍ ከሌለ ለማን ያስረክቡታል?

ዳግመኛም በባዕድ አገር ለሥራ ሄደው የሞቱ ልጆች ሬሳ በሣጥን ሆኖ በዚያው በቦሌ ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስምና ዕድሜ እናቲቱ ካወጣችው ስምና ከልጅቱ እውነተኛ ዕድሜ ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለችውን ልጅ የሚቀብር ደብር እውነተኛ ስሟን ካልጻፈላት ሌላ ማን ይጽፍላታል?

እድር አለ፥ የእድርም መዝገብ አለ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እድር የክፉ ቀን ወዳጅ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ድንኳኑ ይተከላል፥ ገንዘቡም ለኀዘንተኛው ይሰጣል። ነገር ግን የእድር መዝገብ ዋና ነገሩ መዋጮውና የተሰጠው ገንዘብ ነው፤ ሟቹ የት እንዳረፈ ሊናገር አልተጻፈም። እንዲሁም በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ ከወጣ ወዲህ በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ አባላት ይመዘገባሉ፤ ያም የሕያዋን መዝገብ ነው። አባሉ ሲሞት ስሙ ከዚህ ይሰረዛል እንጂ ወደ ሌላ መዝገብ ካልተሻገረ እንዳልነበረ ይሆናል።

የመዝገብ መጥፋት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ያለፈው ዘመን ምስክር ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየሜዳው ወደቀ። በከተማው 10,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ቢነገርም ይህ ግምት ነው፥ ቈጥሮ የጻፈ አልነበረምና። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ጢሱ ይጤሳል፤ የሞቱት ግን በስም አይጠሩም። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች ሕዝቡን በፈጁት ጊዜ ሬሳው በእሳትና በጅምላ ጉድጓድ ጠፋ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን 30,000 አለ፤ የጣልያን ሹማምንት እጅግ ያነሰ ቍጥር ሰጡ፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ከብዙ ምርመራ በኋላ 19,000 ያህል ብሎ ገመተ። መዝገብ ቢኖር ኖሮ ገዳዩ በቍጥሩ ላይ ሊከራከር ባልቻለም ነበር።

ይህ በታናናሾች ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሳሉ ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. በምሥጢር ተገደሉ። ዐፅማቸው ተፈልጎ ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስንቱን ሰው በክብር ያስቀበሩ አባት እርሳቸው ያለ ፍትሐትና ያለ ጽሑፍ ተቀብረው ብዙ ዘመን ቈዩ።

መጻፍ ደግሞ ምን እንደሚጠቅም ይህችው ከተማ አሳይታለች። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ምሁራን በከተማው መካነ መቃብር ሁሉ፥ በክርስቲያኑም በእስላሙም፥ ጸሐፊ አቁመው የሚቀበረውን ሰው ጾታ፥ ዕድሜ፥ መኖሪያና ቤተ ሰቡ የሚናገረውን የሞት ምክንያት አስመዘገቡ። በዚያ ዘመን ኤድስ ብዙ ወጣት ይቀጥፍ ነበርና ቤተ ሰብ አፍሮ የሳንባ በሽታ ነው ይል ነበር። ምሁራኑ ግን ከብዙ ቃል መካከል እውነቱን ለይተው አወቁ። በ1997 ዓ.ም. የሕመሙ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረ ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በኤድስ የሚሞተው ሰው ወደ ግማሽ ያህል መቀነሱ ከዚሁ የመቃብር መዝገብ ታወቀ። የሙታን መዝገብ መድኃኒቱ ሕያዋንን እንዳተረፈ መሰከረ።

ይሁን እንጂ መዝገብ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ መጠበቅም ያሻዋል። በአየርላንድ አገር መንግሥት ሞትን መመዝገብ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1864 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ የገጠር ካቶሊክ ካህናት ጥምቀትንና ጋብቻን እየጻፉ ቀብርን ይተዉት ነበር። የአንግሊካን አጥቢያዎች የጻፉት ደግሞ እጅግ ብዙው ለጥበቃ ወደ ደብሊን ቤተ መዛግብት ተልኮ ነበር፤ በ1922 በእርስ በርስ ጦርነት ያ ቤት ሲቃጠል መዝገቡም ዐመድ ሆነ። የተረፈው በየአጥቢያው የቀረውና አስቀድሞ የተገለበጠው ነው። ዛሬ የዚያ አገር ልጆች የአያቶቻቸውን ስም ለማግኘት በየመቃብሩ እየዞሩ ከድንጋይ ላይ ይቀዳሉ።

በኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፥ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው ክፍል አፈጻጸሙን አቈየው። አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። የመንግሥት ወረቀት ለርስትና ለጡረታ፥ ለእናት አልባውና ለአባት አልባው መብት እጅግ ያስፈልጋል። ቢሆንም የክርስትና ስምንና የመቃብሩን ስፍራ ለይቶ የማቈየት ነገር የደብሩ ሥራ ነው።

ስለዚህ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ደብር ከሕንፃው ጋር አንድ የመቃብር መዝገብ ቢያቆም መልካም ነው። በመዝገቡም የሟቹ የዓለም ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፥ የክርስትና ስሙ፥ ያረፈበት ቀንና ዓመተ ምሕረት፥ የነፍስ አባቱ፥ መቃብሩ በዐፀዱ በየትኛው ወገን በስንተኛው ረድፍ እንዳለ፥ ዐፅሙም የፈለሰ እንደ ሆነ ከየት ወደ የት እንደ ሄደ ይጻፍ። ዘመድ የሌለው ሟችም እንደ ባለጠጋው እኩል መስመር ይሰጠው። ግልባጩ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ጸሐፊው በተለወጠ ጊዜም መዝገቡ እንደ ንዋየ ቅድሳት ተቈጥሮ በፊርማ ይረከብ። ያልተጻፉትንም አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ እየጠየቁ መጻፍ ይገባል፤ የቀድሞውን መስክ ያወቁት ጥቂት ቀርተዋልና።

እግዚአብሔር ያውቀዋል፥ መዝገብ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እግዚአብሔርስ ያውቃል። ያዕቆብም ይህን ያምን ነበር፤ ሆኖም ልጆቹ እንዳይስቱ ስማቸውን ቈጠረላቸው። መዝገቡ የሚያስፈልገው ለሚረሳው ለሰው ነው።

በዚህ ዐፀድ ስማቸው ታውቆም ሳይታወቅም ያረፉትን ሁሉ እግዚአብሔር በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።