ስማቸውን እንጂ መልካቸውን የማናውቃቸው ፊልሞች

በፉሪ በተካሄደው የፋኩልቲው ሕዝባዊ የንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ



ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ከጅቡቲ የሚነሣው ባቡር ጉዞውን የሚያበቃው እዚያ ነው። ስለዚህ ንግግሬን በባቡር ብጀምር አይከፋም። ስለ ሲኒማ አጀማመር አንድ ነገር ንገሩን ቢባሉ ብዙ ሰዎች የሚያነሡት የሉሚዬር ወንድማማቾችን የባቡር ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ተመልካቾች በሸራው ላይ ባቡር ሲመጣባቸው አይተው፣ በድንጋጤ አዳራሹን ጥለው ሸሹ ይባላል። ይህን ታሪክ እኔም በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ተርኬዋለሁ። የፊልም ታሪክ ተመራማሪዎች ግን የዘመኑን ጽሑፎች መርምረው ለሽሽቱ አስተማማኝ ምስክር አላገኙለትም።

የፊልሙ ርዝመት 50 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። እስቲ በሐቀኝነት እጃችሁን አንሡ። ታሪኩን የሰማችሁ? መልካም። ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያያችሁ? አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን መቁጠር አልቻልሁም፤ ሁለተኛው ግን አራት ነው።

ጊዜ አጥተን ነው እንዳንል፣ 50 ሰከንድ ያጣ ሰው የለም። ያላየነው አስቀድመን ስለሰማነው ነው። ስለ አንድ ፊልም በቂ ወሬ ሲደርሰን ያየነው ይመስለናል። ፊልሙ ሊይዘው የሚገባውን ቦታ ወሬው ይይዘዋል፤ ወሬው ሐሰት ቢሆን እንኳ የሚያርመው ዓይን አይኖርም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ዓይነቱ አለማየት ነው።

«አንድ ቀን አየዋለሁ» እየተባሉ የሚቆዩ ዘመን ተሻጋሪ ፊልሞች በየአገሩ አሉ። የለንደኑ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያስያንን እያስመረጠ የታላላቅ ፊልሞችን ዝርዝር ያወጣል። በመጀመሪያው ዙር የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» አንደኛ ወጣ። ከ1962 እስከ 2002 «ሲቲዝን ኬን» ቦታውን ይዞ ቆየ። በ2012 «ቨርቲጎ»፣ በ2022 ደግሞ የሻንታል አከርማን «ጃን ዲልማን» አንደኛ ሆኑ። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱንም ያላየ ተማሪ ሊያፍር አይገባውም። ነገ ላየው ብሎ ቢነሣ ፊልሙ አለለት። እነዚህን የዘገዩ ፊልሞች ልበላቸው።

ሌሎች ደግሞ አሉ፤ የፈለጋቸው ሰው ሄዶ የሚያይበት ቦታ የሌላቸው። እነዚህን የተሰወሩ እላቸዋለሁ። በአገራችን ቀደምት ከሚባሉት የፊልም ሥራዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለቱ አለማየቶች የተለያዩ ሆነው ሳለ በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን፤ ሁለቱንም «አላየሁትም» እንላለን። የመጀመሪያው የግለሰብ ስንፍና ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን የሁላችንም ዕዳ ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ሲካሄድ የቆየውን የጉማ የፊልም ሽልማት የማያውቅ የፊልም ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። ሽልማቱ ስሙን ያገኘው የግሪክ የዘር ሐረግ ካለው ከሚሼል ፓፓታኪስ ፊልም ነው። «ጉማ» የተሠራው በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ጉዳዩም ደም መቃባትና ዕርቅ ነው። ቃሉ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም፤ በኦሮሞ ባህል ጉማ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እዚህ የተቀመጡት አባቶች ቢናገሩ ይሻላል። እንግዲህ ጉማ የተባለውን ሥርዓት የሚያውቁ አሉ፤ ጉማ የተባለውን ሽልማት የሚያውቁ ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው። ጉማ የተባለውን ፊልም ያየ ተማሪ ግን በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ አላጋጠመኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይህ ለሰው ክብር ነው። ፊልም ግን መቃብር ሊገባ አይገባውም ነበር፤ ስሙ ከላይ፣ ራሱ ከታች ሲሆን ሽልማቱ የመታሰቢያ ሐውልት ይመስላል።

የ1957 ዓ.ም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»ም ዕጣው ከዚህ አይርቅም። በ35 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም እየተባለ በየጥናቱ መግቢያ ይጠቀሳል። «የመጀመሪያው» ከተባለ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የፊልሙ ብርሃን እንዴት ያለ ነው? ተዋናይቱ ዝም ስትል ፊቷ ምን ይናገራል? እንዲህ ያለ ጥያቄ በፈተናችን ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሊወጣም አይችልም፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም አላዩትምና።

እንግሊዛዊው ደራሲ ዴቪድ ሎጅ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው አንድ ልብ ወለድ ውስጥ መምህራን የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። እያንዳንዱ ተጫዋች ያላነበበውን ታዋቂ መጽሐፍ ይናገራል፤ ከሌሎቹ መካከል ባነበቡት ሰዎች ቁጥር ልክ ነጥብ ያገኛል። ለማሸነፍ መዋረድ ግድ ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር «ሃምሌትን አላነበብሁም» ብሎ ያሸንፋል፤ በዚያው ጠንቅ ሥራውን ያጣል። ዛሬ እኔም ወደዚህ ጨዋታ ልግባ።

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልሙን ሳላይ ለዘጠኝ ዓመታት አስተምሬዋለሁ።

የማስተምረው እንዲህ እያልሁ ነበር። ፊልሙን ኃይሌ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በሁለት ሳምንት ቀረጹት። በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው፤ 150 ደቂቃ ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ በቃ። ስለ ባለ መሬትና ስለ ጭሰኛ ይተርካል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሁሉም ደግሞ ከመጻሕፍት የተቀዳ ነው። ከዚያ «እንግዲህ ፊልሙ የአብዮት ጥሪ ነው» ብዬ እደመድምና ወደሚቀጥለው ርእስ አልፍ ነበር።

በአንደኛው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ባሕር ማዶ ካለ ዘመዷ ቅጂ አግኝታ ፊልሙን አይታው ኖሯል። በጥናት ወረቀቷ ላይ የፊልሙ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በጥሪ ሳይሆን በሥራ ነው ስትል ተከራከረች። ሰዎቹ ያርሳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ ይሸከማሉ፣ ጌታቸው ፊት ይቆማሉ፤ ተመልካቹም አብሯቸው እንዲቆይ ይገደዳል አለች። እኔም «ከታወቁት ምንጮች ጋር አይጣጣምም» ብዬ በቀይ ጽፌ ነጥብ ቀነስሁባት። ያላየው ያየችውን አረመ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅጂው በእጄ ገባ። የምኖረው ከፉሪ ተራራ ግርጌ ነው። ጎረቤቴ አስፋልቱና ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ፣ ገና በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የሰው መሬት ያረሱ አዛውንት ናቸው። አብረን እንይ ብዬ ቤቴ ጋበዝኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ይሰለቻሉ ብዬ ሰግቼ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ «አባባ፣ ረዘመብዎት ይሆን?» አልኋቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ቸኮሉ እንጂ» አሉኝ። «እርሻ እንዲህ ቶሎ ያልቃል እንዴ?»

ጥቂት ቆይተው፣ ጭሰኛው በባለ መሬቱ ፊት በሚቆምበት ትዕይንት ላይ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩ። «አቋቋሙን አየህ? አባቴ እንዲህ ነበር የሚቆመው» አሉ። እኔ በዘጠኝ ዓመት ትምህርቴ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ግብር፣ ስለ መደብ ተናግሬ ነበር፤ ስለ አቋቋም አንድም ቃል አልተናገርሁም። አደግድጎ መቆም ምን እንደሆነ ቃሉን ዐውቀዋለሁ። ሰውነት ከልጅነት ጀምሮ እንዴት እንደሚማረው ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከብት የምትጠብቀው ልጅ በጎርፍ ስትወሰድ አዛውንቱ ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ፤ ቆይተው ተመለሱና ምንም ሳይሉ ተቀመጡ።

መሬቱን የተነጠቀው ከበበ በመጨረሻ ባለ መሬቱን እንደሚገድለው ከመጻሕፍት ዐውቅ ነበር። ያላወቅሁት፣ ወደዚያ እስክንደርስ ምን ያህል እንደምንጠብቅ ነው። ቁጣው ከመፈክር አልመጣም፤ ከዚያ ሁሉ ማረስና መቆም ቀስ እያለ ተጠራቅሞ የወጣ ነው። ተማሪዬ ያለችው ይህንኑ ነበር።

አሁን ቀደም ብዬ ወደ ጠቀስሁት ወደ «ጃን ዲልማን» ልመለስ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራ የ201 ደቂቃ ፊልም ነው። አንዲት የብራስልስ እናት ድንች ስትልጥ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ አልጋ ስታነጥፍ ረጅም ሰዓት እናያታለን፤ በመጨረሻ ሰው ትገድላለች። ሁለቱ ፊልሞች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ሁለቱም የድካምን ርዝመት ሳያሳጥሩ ያሳያሉ፤ ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ከዚያ ድካም ውስጥ ግድያ ይወጣል። አንዱ በዓለም ሐያስያን ዝርዝር ራስ ላይ ተቀምጧል። ሌላው በተሠራበት ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ እንኳ በስሙ ብቻ ይታወቃል። ይህን የማነሣው ዝርዝሩን ለመክሰስ አይደለም። አንድ ፊልም ታላቅ የሚባለው ሰዎች አይተውት፣ ተከራክረውበት፣ ለተከታዩ ትውልድ ሲያሳዩት ነው። እኛ ያላየነውን ሌላው እንዲመርጥልን መጠበቅ አንችልም።

መታየት ደግሞ በራሱ አይመጣም፤ ሰው የሚደክምበት ሥራ ነው። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩበት። ኃይሌና ባልደረቦቻቸው በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ 28 ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በሕይወት ያቆየው ያዩት ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። በስልክ ላይ ማንኛውንም ፊልም በዐሥር ደቂቃ ተርኮ የሚጨርስ ሞልቶ ሳለ፣ 150 ደቂቃ ለምን እንቀመጣለን? ታሪኩን ለማወቅ ከሆነ፣ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። የአዛውንቱ አባት እንዴት ይቆሙ እንደነበር ግን በዐሥር ደቂቃው ውስጥ አይገኝም። መጀመሪያ ተቆርጦ የሚጣለው እሱ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ተማሪዎች፣ በጥናታችሁ ፊልም ስትጠቅሱ አይታችሁት እንደሆነና እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ፤ «አላየሁትም» ብሎ የጻፈ ነጥብ አይቀነስበትም። ባልደረቦቼ፣ ያላየነውን ፊልም ስናስተምር ለተማሪው አስቀድመን እንንገረው፤ እኔ ይህን ከጀመርሁ ወዲህ ክፍሉ የበለጠ ይጠይቀኛል። የፉሪ ነዋሪዎች፣ አሮጌ ካሴት፣ የፊልም ጥቅል፣ የሲኒማ ቤት ፖስተር በቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ሲኒማ ቤት ገብታችሁ «ጉማ»ን ወይም «ሂሩት»ን ያያችሁ አባቶችና እናቶች ካላችሁ ደግሞ ከዚህ ንግግር በኋላ አነጋግሩን፤ ፊልሙ እስኪገኝ ድረስ የእናንተ ዓይን ማስረጃችን ነው።

ያቺን ተማሪ ፈልጌ አገኘኋት። ከተመረቀች ዓመታት አልፈዋል፤ ነጥቧን ለማስተካከል ጊዜው ረፍዷል። በስልክ ይቅርታ ጠየቅኋትና እሷ ትክክል እንደነበረች፣ እኔ ግን እንዳልነበርሁ ነገርኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «መምህር፣ ታዲያ ለዘጠኝ ዓመት ሳያዩት ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግር የዚያ መልስ መጀመሪያ ይሁንልኝ።

ከሻይ በኋላ እዚሁ ሸራ ላይ የሉሚዬሮችን ባቡር እናሳያለን። 50 ሰከንድ ብቻ ነው። ባቡሩ ሲመጣ የሚሸሽ ካለ፣ ለዚያ ታሪክ የመጀመሪያው አስተማማኝ ምስክር ይሆንልናል።